«ደሴ ለፀሐይ ትቀርባለች፤ ታዲያ ለምን ትበርዳለች?» ተማሪው ራሱ የሚገነባውን ትምህርት ለማዘጋጀት

ደሴ ውስጥ አንድ 7ኛ ክፍል ግቡና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ለፀሐይ የሚቀርበው ማን ነው? ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?» ደሴ ከፍ ብላ ተራራ ላይ ስላለች ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ደሴ!» ይላል። «የሚበርደውስ?» አሁንም «ደሴ!» ነው። «እሺ፣ እሳት አጠገብ የተቀመጠ ይሞቀው የለ? ለፀሐይ የቀረበችው ከተማ ለምን በረዳት?» እዚህ ላይ ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ «ጦሳ ነዋ ቲቸር!» ይላል፤ ከደሴ በላይ ያለውን ተራራ ማለቱ ነው። ሌላዋ «አይደለም፣ ጉሙ ነው» ትላለች። ጭቅጭቁ ይጀመራል።

ይህ መመሪያ ያንን ጭቅጭቅ ወደ ትምህርት ስለመለወጥ ነው። ያሰብኩት ደሴና ኮምቦልቻ ለሚያስተምሩ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህራን ነው። ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ትምህርት የምታስተምሩም አካሄዱን ወስዳችሁ ጥያቄውን መቀየር ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ቁርጥራጭ ወረቀት፣ ባዶ ሃይላንድና የብስክሌት ጎማ መንፊያ ብቻ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሐሳቡ ምንድን ነው?

ኮንስትራክቲቪዝም የሚባለው ንድፈ ሐሳብ የሚለው ይህን ነው። ሰው አዲስ ነገር የሚማረው አስቀድሞ በሚያውቀው ላይ ነው። የነገርነውን እንዳለ አይወስደውም። ካለው ሐሳብ ጋር ያገጣጥመዋል። አልገጥም ካለው ወይ ለፈተና ብቻ ሸምድዶ ይይዘዋል፣ ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ደግሞ የቆየ ሐሳቡን ይቀይራል። የምንፈልገው ይህን የመጨረሻውን ነው። የሚመጣው ግን በትእዛዝ አይደለም።

ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) ወጣት ሳለ ፓሪስ ውስጥ በልጆች የአእምሮ ችሎታ ፈተና ላይ ይሠራ ነበር። ቀልቡን የሳበው የልጆቹ ስህተት ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች አንድ ዓይነት ስህተት ይደጋግሙ ነበር። ስህተቱ የዘፈቀደ ሳይሆን ከአንድ አስተሳሰብ የሚመነጭ መሆኑን አየ፤ ዕድሜውንም ያንን አስተሳሰብ ሲመረምር ኖረ። ልጁ አዲስ ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ በያዘው ሐሳብ ሊያስተናግደው ይሞክራል። ሐሳቡ አላሠራ ሲለው ነው ሐሳቡን ራሱን የሚያስተካክለው።

በዚያው በ1896 የተወለደውና ገና በ37 ዓመቱ የሞተው ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ ዓይኑን ያሳረፈው በልጁ አካባቢ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ልጁ ብቻውን የሚችለው አለ። ጨርሶ የማይችለውም አለ። በመካከል ግን ሰው ቢያግዘው የሚችለው ሰፊ ቦታ አለ፤ ትምህርት መከናወን ያለበት እዚያ ላይ ነው ይላል። አጋዡ መምህር ብቻ መሆን የለበትም። ትንሽ ቀደም ያለ ጓደኛም ይበቃል።

ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ መሆን የለበትም። ዋድላ ስሙ የሚጠራው በቅኔ ነው። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ ቅኔ አዋቂ አይሆንም። ራሱ መቁጠር፣ ማለትም መድረስ አለበት። መጀመሪያ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ወደ ባለ ስምንቱ መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። የቀደመው ተማሪ ለአዲሱ ያስቀጽላል። በደረሳው (በእስልምና ትምህርት ተማሪው) ዘንድም ገፋ ያለው ጀማሪውን ሲያስቀራ እናያለን። ተማሪው ራሱ ይሠራል፣ ከእሱ የሚበልጥ ሰው አጠገቡ አለ፣ ሥራው እየከበደ ይሄዳል። ቪጎትስኪ የሚለው ይህንኑ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤታችን ግን ይህን ትቶ ብዙ ጊዜ በኖት ቅጂ ላይ ቀርቷል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ደረጃ 1፦ አንድ ሐሳብና አንድ ጥያቄ ምረጡ

ለሁሉም ትምህርት አይሆንም። የወንዞችን ስም፣ የንጥረ ነገሮችን ምልክት፣ የአንድ ድርጊት ዓመተ ምህረት ተማሪ «እንዲገነባ» ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው። ንገሩትና እለፉ። ይህ አካሄድ የሚያስፈልገው ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣ ሌላ ማብራሪያ ባለበት ቦታ ነው።

ጥያቄው ተማሪው በየቀኑ የሚያየውን ነገር የሚነካ፣ የያዘውንም ሐሳብ የሚያጋጭ ይሁን። የደሴና የኮምቦልቻ ጥያቄ ጥሩ የሆነው ለዚህ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ጃኬቱን ያላወለቀ ልጅ የለም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሌላ አገር የገቡ ያህል ይሞቃል። እና «የቀረበ ይሞቀዋል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ሌሎችም አሉ። ለሒሳብ፦ «ከአንድ እንጀራ አንድ ስምንተኛና አንድ አራተኛ፣ የትኛው ያጠግባል?» 8 ከ4 ስለሚበልጥ ብቻ አንድ ስምንተኛን የሚመርጥ ልጅ ብዙ ነው። ለጂኦግራፊ፦ «የቦርከና ውሃ መጨረሻው የት ነው?» ብዙዎቹ «ባሕር» ይላሉ፤ ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ብለው ስለሚያስቡ። ቦርከና ግን ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ከትምህርቱ በፊት ምን እንደሚያስቡ ሰብስቡ

ከሁሉም የምለምናችሁ ይህን ደረጃ እንዳትዘልሉት ነው። ብዙ መምህር ይዘልለዋል። አሜሪካዊው ዴቪድ አውሱቤል እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው የትምህርት ሥነ ልቦና መጽሐፍ፣ ትምህርትን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው ብሎ ነበር። እሱን ሳናውቅ ማስተማር ለማናውቀው ሰው ደብዳቤ መጻፍ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከዋናው ትምህርት በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሩብ ገጽ ቁራጭ ወረቀት ይድረሰው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። «ደሴ ከኮምቦልቻ የምትበርደው ለምንድን ነው? በሦስት መስመር። ስም አይጻፍም። ነጥብ የለውም።» የመጨረሻዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጮክ ብላችሁ ድገሟቸው። ነጥብ ካለው መምህሩ መስማት የሚፈልገውን ይጽፉላችኋል፤ የሚያስቡትን ግን አይደለም። ስም የሌለው ወረቀት በኋላ እንዴት እንደሚመለስ ካሳሰባችሁ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ጥግ ላይ ራሱ ብቻ የሚያውቀው ምልክት ያድርግበት።

ቤት ስትገቡ ወረቀቶቹን በክምር በክምር ለዩዋቸው። ስልሳና ሰባ ተማሪ ቢኖራችሁም ሐሳቡ ስልሳ አይሆንም፤ አራት ወይም አምስት ክምር ነው የሚሆነው። የሚመጡት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

«ጦሳ ስላለ ነፋሱ ይበርዳል» የሚል ክምር አለ። «ደሴ ጉምና ዝናብ ይበዛባታል» የሚል አለ። ይኸኛው ከፊል እውነት አለው፤ ደመና ፀሐይን ይከልላል። «ኮምቦልቻ ፋብሪካና መኪና ስላለ ይሞቃል» የሚል አለ። «ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ ለአፋር ይቀርባል» የሚልም አለ።

በጣም የምትጠነቀቁለት ክምር ግን ይህ ነው፦ «ምክንያቱም ደሴ ደጋ፣ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ ስለሆነ።» ትክክል ይመስላል። መማሪያ መጽሐፉ ውስጥም አለ። መምህር አይቶ ራይት አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ደጋ ማለት ከፍ ያለና ብርዳማ ቦታ ከሆነ፣ ልጁ ያለው «ደሴ የምትበርደው ብርዳማ ስለሆነች ነው» ነው። ስያሜውን ያውቃል። ምክንያቱን አያውቅም። ይህን የጻፉት ብዙ ጊዜ ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ «ለምን?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ በተለይ ለእነሱ ይዘጋጅላቸው።

ከየክምሩ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር በልጆቹ ቋንቋ እንዳለ ገልብጡ። አታሳምሩት።

ደረጃ 3፦ ማየት ከመጀመራቸው በፊት ይተንብዩ

አሁን ሃይላንዱ ይመጣል። ስስ የሆነ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ሊትር ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ፈልጉ። ውስጡ ደረቅ ይሁን።

ኮምቦልቻ የምታስተምሩ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ከደሴ የሚወርድ ሰው ደሴ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ያቆየውና ጥብቅ አድርጎ ይዝጋው። ኮምቦልቻ ሲደርስ ጎኑ ሰርጎድ ብሎ፣ ተጨምድዶ ይገኛል። ክፍል ይዛችሁ ግቡ።

ደሴ የምታስተምሩ ከሆነ ችግሩ ግልጽ ነው። ደሴ የተዘጋው ሃይላንድ ኮምቦልቻ ደርሶ ቢጨመደድም ተመልሶ ሐረጎን ሲወጣ እንደነበረው ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የሚወርደው ሰው ኮምቦልቻ ላይ የተጨመደደውን በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ሁለተኛ፣ ሌላ ባዶ ሃይላንድ ኮምቦልቻ ላይ ዘግቶ ያምጣ። ደሴ ሲደርስ ጎኑ ድርቅ ብሎ ተወጥሮ ይገኛል። ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት፣ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ስትፈቱት «ፍስስ» ይላል። ይህን ድምፅ የኋላው ወንበርም ይሰማዋል።

ልጆችን ብቻቸውን ለዚህ ብላችሁ መንገድ አትላኩ። በየቀኑ የሚመላለስ ወላጅ ወይም መምህር አይጠፋም።

አንድ ሃይላንድ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጥ፤ የትም አይሂድ። «ሲቆይ በራሱ ነው የተጨመደደው» የሚል ተከራካሪ ይነሳል፤ መልሱ ያ ሃይላንድ ነው።

ውጤቱን ከማሳየታችሁ በፊት ሁሉም ትንበያውን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፦ ያብጣል፣ ይጨመደዳል፣ እንዳለ ይሆናል። ምክንያቱንም ይጨምር። «ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ አየር ሲሞቅ ይስፋፋል፣ ስለዚህ ያብጣል» የሚለው ክርክር ያይላል። ጥሩ ክርክር ነው፤ አመስግኑት። ከዚያ ሃይላንዱን አሳዩ። ጥሩ ያሰበ ልጅ ያላሰበው ነገር ሲገጥመው የሚያሳየውን ፊት ታያላችሁ። የተነበየ ልጅ የማየት ጉጉቱ ከፍ ያለ ነው። ሳይተነብይ ያየ ልጅ ግን «አውቄው ነበር» ብሎ ያልፈዋል፤ ሐሳቡም ሳይነካ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ይከራከሩ፤ ግን በሥርዓት

ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ ከሆነ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ይዙር። ስድስት ሰው ቡድን ሆነ ማለት ነው። ወንበር መጎተት አያስፈልግም።

አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ሁላችንም እናውቀዋለን። ችግሩ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። አንድ ሕግ ይህን ይቀንሰዋል፦ ጎበዙ መጨረሻ ላይ ይናገራል። ሌላው ተራ በተራ ምን እንዳየና ለምን ይመስለኛል እንደሚል ይናገር። ጎበዙ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው የሌሎቹን ሐሳብ መድገም ነው፤ የራሱን የሚጨምረው ከዚያ ነው። ፊት ወጥቶ የሚያቀርበውም እሱ አይሁን።

በቤት ቋንቋቸው፣ በራሳቸው ቃል ይናገሩ። «ግፊት» የሚለውን ቃል ገና አትጠብቁ። «አየሩ ከላይ ይጫነዋል» ካለች ልጅቷ ደርሳለች፤ ቃሉን እናንተ በኋላ ትሰጧታላችሁ።

እናንተ ስትጠይቁ ደግሞ ጠብቁ። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክፍሎችን ስታጠና መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ከአንድ ሰከንድ የማይበልጥ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪው መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። በሆዳችሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ ቁጠሩ። «ቲቸር! ቲቸር!» የሚለው የፊት ወንበር ጣቱን ያውርድና ይጠብቅ። ያ ዝምታ መጀመሪያ ያስጨንቃል፤ ልመዱት። ፈርታ አንገቷን የደፋችውን ልጅ «አብሽሪ፣ የመሰለሽን በዪ» ማለት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ አግዙ፤ ሲያስፈልግም በግልጽ ንገሩ

ብዙ ሰው ኮንስትራክቲቪዝምን የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። «ተማሪ ማዕከል ነው» ተብሎ መምህሩ ጥግ ይቆማል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ደወል ይደወላል። ይህ ማስተማር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ ይህን አጥብቀው ተችተውታል። ጀማሪ ተማሪ ያለ በቂ መመሪያ ሲተው ውስን የሆነው የማሰቢያ አቅሙ በፍለጋ ያልቃል፣ የሚገባው ነገር ትንሽ ይሆናል ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጥያቄው መንገር ወይም አለመንገር ሳይሆን መቼ መንገር ነው። ልጁ ችግሩን ችግሬ ብሎ ሲይዘው ብትነግሩት ይሰማችኋል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ እንደጻፉት እገዛው ለጊዜው የሚቆምና ልጁ ሲችል የሚነሳ መሆን አለበት። በዚህ ትምህርት እገዛው እንዲህ በቅደም ተከተል ይሂድ።

መጀመሪያ መሬቱን ያስቡ። «እኩለ ቀን ላይ አስፋልት ብትነኩ ምን ይሰማችኋል? ከላዩ እጃችሁን ብትዘረጉስ?» ፀሐይ በቅድሚያ የምታሞቀው መሬቱን ነው። አየሩ በአብዛኛው የሚሞቀው ከመሬቱ ነው። ይህን ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።

ቀጥሎ የጎማ መንፊያውን አምጡ። ከጎሚስታ መዋስ ይቻላል። አንድ ተማሪ ጎማ በፍጥነት ይንፋና የመንፊያውን ጫፍ ይንካ፤ ይሞቃል። ሌላው የተነፋውን ጎማ ቫልቭ ተጭኖ የሚወጣውን አየር በእጁ ይሰማው፤ ይቀዘቅዛል። ሲታመቅ ይሞቃል፣ ሲስፋፋ ይቀዘቅዛል። ይህን በቃል ብቻ የሰማ ልጅ ይረሳዋል፤ እጁ ላይ የተሰማው ይቆይለታል።

ከዚያ ወደ ሃይላንዱ ተመለሱ። «ኮምቦልቻ ላይ ማን ጨመደደው?» ከኮምቦልቻ በላይ ያለው አየር ከደሴ በላይ ካለው ይበልጣል፣ ስለዚህ ይበልጥ ይጫናል። የደሴ የአየር ግፊት ከኮምቦልቻው ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሐረጎ ላይ ጆሮ የሚደፍነው ነገር ይኸው ነው። እዚህ ላይ «ኣሃ!» የሚል ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ ጆሮው ያልተደፈነ የለማ።

አሁን እናንተ ተናገሩ። ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ፣ ግልጽ ማብራሪያ። አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀንሰው። ይህን ሁሉ ብቻቸውን እንዲደርሱበት መጠበቅ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የደሴም መሬት በፀሐይ ይሞቃል እኮ! ለምን አየሩን አያሞቀውም?» ይህ ጥያቄ ከተነሳ ትምህርቱ ሠርቷል። መልሱ ያሞቀዋል ነው። ደሴ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ ብትቆሙ ታቃጥላለች፤ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ወዲያው ይበርዳችኋል። ከተማዋ ያለችው በተራራ ላይ ነው፤ የሞቀው አየር በዚያ ከፍታ ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር ቶሎ ይደባለቃል። ከላይዋ ያለው አየር ሳሳ ያለ ስለሆነም ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱ ወደ ሰማይ በቀላሉ ያመልጣል። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ምን ያህል ጋቢ እንደሚያስፈልገው ለደሴ ልጅ አይነገርም።

ደረጃ 6፦ በቁጥር ይፈትሹት

ይህ አጭር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ልዩነቱ 650 ሜትር ነው። በ6.5 ዲግሪ ስሌት 4 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስልክ ያለው ሰው የሁለቱን ከተሞች የዕለቱን ሙቀት ያምጣና ያወዳድሩ። ልክ 4 ላይሆን ይችላል፤ ደመናና ነፋስ ያዛባሉ። «ለምን አልገጠመም?» የሚለው ራሱ ጥሩ የአምስት ደቂቃ ውይይት ነው፤ የጉሙ ክምርም እዚህ ላይ ክብሩን ያገኛል።

የፀሐይን ነገር ደግሞ ራሳቸው ያስሉት። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ይህን ርቀት በግቢው ውስጥ 15 ሜትር መስመር አድርጋችሁ ብትስሉ፣ የደሴና የኮምቦልቻ የከፍታ ልዩነት በዓይን የማይታይ ነጥብ እንኳን አይሞላም። «የቀረበ ይሞቀዋል» የሚለው ሐሳብ ለእሳት ትክክል ነው፤ እዚህ ግን መቅረቡ ራሱ የለም።

ደረጃ 7፦ ወደ መጀመሪያው ወረቀት ይመለሱ፣ ከዚያም ሌላ ቦታ ይሞክሩት

ወረቀቶቹን መልሱላቸው። ከሥሩ «አሁን ምን እላለሁ? ምኑን ቀየርኩ? ምን አስቀየረኝ?» ብለው ይጻፉ። ሦስተኛዋ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች። «ቲቸር ስላለ» ብሎ የጻፈ ልጅ ገና አልቀየረም። «ሃይላንዱን ስላየሁ» ወይም «ጎማው ስለቀዘቀዘ» ካለ ሐሳቡን የያዘው በራሱ እጅ ነው።

ከዚያ አዲስ ቦታ ስጧቸው። «ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ሚሌ ስትወርዱ ምን ይሆናል? ለምን?» «ራስ ደጀን ላይ አንዳንዴ በረዶ የሚታየው ለምንድን ነው?» መልሱን ቢያውቁትም ምክንያቱን በአዲሱ ሐሳብ ይናገሩ።

የቤት ሥራው ደግሞ ይህ ይሁን፦ «ኮምቦልቻም ደሴም የኖረች እናት ወይም አክስት ጠይቁ። ንፍሮ ቶሎ የሚበስለው የት ነው?» ውሃ ኮምቦልቻ ላይ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ደሴ ላይ ግን 92 ገደማ። የደሴው ውሃ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነው፤ ባቄላው ይዘገያል። «ደሴ ስለምትበርድ ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ በማግስቱ ከዚያ ትቀጥላላችሁ። ግፊቱ ቀንሶ ነው ብሎ የመጣ ልጅ ካለ፣ እሱ ያስረዳ።

ፈተናው ምርጫ ከሆነ አትጨነቁ። ምክንያቱን የያዘ ልጅ ምርጫውንም ያገኘዋል። በራሳችሁ የክፍል ፈተና ግን አንድ «ለምን» የሚል ጥያቄ ጨምሩ፣ ነጥቡንም ለምክንያቱ ስጡ።

ጊዜውን በተመለከተ

የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ለትንበያ፣ ለሃይላንዱና ለክርክሩ ይበቃል። ሁለተኛው ለመንፊያው፣ ለማብራሪያውና ለቁጥሩ። ወረቀቱ ከዚያ በፊት ባለው ቀን አሥር ደቂቃ ይወስዳል። መጽሐፉን መሸፈን አለብን የሚለው ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ አላናንቀውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ትምህርት እንዲህ አድርጉ አልልም። በአንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ፣ ተማሪ በጣም በሚሳሳትበት ሐሳብ ላይ አድርጉት። የቀረውን በተለመደው መንገድ ሂዱበት።

የማይሠራ ነገር ሲያጋጥም

ሃይላንዱ ካልተጨመደደ መጀመሪያ ክዳኑን ፈትሹ፤ አብዛኛውን ጊዜ አየር እያስገባ ነው። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጫን በሉት፣ አረፋ ካወጣ ያፈሳል። ወፍራም ፕላስቲክ ከሆነም አይጨመደድም፤ ስስ ፈልጉ። ደሴ ላይ ሲዘጋ ፀሐይ ላይ የቆየ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ነበር፤ ቢጨመደድ እንኳ «ቀዝቅዞ ነው» ለሚለው ተከራካሪ መልስ አይኖራችሁም። መኪና ውስጥም መስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። ከኮምቦልቻ የመጣው «ፍስስ» ካላለ ደግሞ ሳትፈቱት በአውራ ጣት ተጫኑት፣ ክፍሉ ውስጥ ካለው ጋር እያወዳደራችሁ። የበለጠ ጠጠር ያለው የትኛው እንደሆነ ሁለት ሦስት ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞክረው።